ረጅሟ ትቆይ

ቁመቴ የእኔ ሥራ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩን የሰማ ሁሉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እኔን ነው ቀና ብሎ የሚያየው። አባቴም እናቴም መካከለኛ ሰዎች ናቸው፣ ከማን እንደወሰድኩት እግዜር ይወቀው። ቡሬ ስማር ስሜ «የስልክ እንጨት» ነበር። እኔና ጓደኛዬ ከገጠር ለትምህርት ወጥተን አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አከራያችን፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ በበሩ ጎንበስ ብዬ ስገባ ባዩኝ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቁመት ማን ደፍሮ ያገባዋል? ቆመሽ መቅረትሽ ነው!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ቤቱ የሳቸው ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ ከትከሻዬ በታች ናት። ኳስ ስትይዝ ግን ያቺ አጭር ልጅ የት እንደምትገባ አይታወቅም። የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል፣ ቀለበቱ ዝጓል፣ መረብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኳሱም ተልጦ ተልጦ ራሰ በራ ሆኗል። እሷ በዚያ ስንጥቅ ላይ እያነጠረች ወንዶቹን ሳይቀር ታልፋቸዋለች። «ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ሰይጣን አለባት እንዴ!» እያሉ ቆመው ያዩአታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስታቀብል ነው። አታይሽም። ወደ ሌላ ቦታ እያየች «እንኪ!» ትላለች፣ ኳሱ እጅሽ ውስጥ ነው። አግብተሽ እንደሆነ ወይ ስተሽ እንደሆነ ዞር ብላ አታይም፤ ያን ጊዜ እሷ ለመከላከል ወደ ኋላ እየሮጠች ነው። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለሽ ብታዪኝ?» ስላት «ከእጄ ከወጣ በኋላ ያንቺ ነው፣ ምን አገባኝ» ትለኛለች።

እኔ ኳስ ተጫዋች አልነበርኩም። እኔ የእሷ ምሰሶ ነበርኩ። ከትምህርት ስንመለስ በእትዬ ግቢ ውስጥ እጄን ወደ ላይ አስዘርግታ ታቆመኝና ትወረውርልኛለች። ኳስ ካጣን ጨርቅ ጠቅልላ ትወረውራለች። «ጣትሽን ክፈቺ! ከፍ! ኧረ ከፍ በይ፣ አንቺ እንጨት!» እትዬ ከደጃፋቸው ሆነው በሳቅ ይሞታሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን እጄ የእሷን ውርወራ ለመደ፣ የእሷን ብቻ። ሌላ ሰው ሎሚ ቢወረውርልኝ እንኳ እጥላለሁ።

በዚያ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አባቷ ቤት ሽማግሌ መጣ። አባቷ ገበሬ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ሴት ልጃቸውን ከተማ ቤት ተከራይተው ማስተማራቸው ራሱ በመንደሩ ስንት አስወርቶባቸዋል። የመጡት ሽማግሌዎች ግን የገዛ ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ከቋሪት ድረስ በእግር የመጡ፤ እምቢ ብሎ መመለስ ከበዳቸው። እሷ እግራቸው ላይ ወደቀች። ፍኖተ ሰላም ላይ ለዞኑ ቡድን የሴቶች ምርጫ እንዳለ፣ የተመረጠች ልጅ ባሕር ዳር ሄዳ እየተጫወተች እንደምትማር፣ መኝታውም ምግቡም ከዚያው እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ «እንግዲያስ እንዲህ ይሁን» አሏት። «ከተመረጥሽ፣ ልጄን መንግሥት ወሰዳት እላቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል እንጂ ይገባቸዋል። ካልተመረጥሽ ግን ምን ብዬ ልመልሳቸው? በዳግማይ ትንሣኤ ትዳሪያለሽ።»

ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። መመረጧን ማን ይጠራጠራል? እትዬ እንኳ «አንቺ ሂያጅ ነሽ፣ እኔ ከዚች እንጨት ጋር ልቀር ነው» ብለው ተክዘው ነበር።

በምርጫው ቀን ጠዋት ከቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ የሄድኩት ቦርሳ ልይዝላት ነው። ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ጉልበቷ አላርፍ ብሎ ከፊታችን ያለውን ወንበር ይመታ ነበር፤ የተቀመጡበት ሰውዬ ዞረው «እሜቴ፣ ዛሬ እኔን ነው የምትጫወቺብኝ?» ሲሏት ሳቅ ገደለን። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን እንደዚያ የሳቅነው ያን ጠዋት ነው።

ሜዳው ዳር ከየወረዳው የመጡ ልጆች ተኮልኩለዋል። አሰልጣኙ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲጮህ ውሎ ድምፁ የዘጋ ሰው ነበር። ልጆቹን ለሁለት ከፍሎ ሊያጫውት ሲል ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ጎደለ። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ! ግቢ።»

«እኔ እኮ ሸኚ ነኝ።»

«ሸኚ እግር የለውም እንዴ? ግቢ!»

ሁሉም ሳቁ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ «በሞቴ ግቢ፣ እጅሽን ብቻ ዘርጊ» አለችኝ። በኮንጎ ጫማዬ ገባሁ። ገና ከመጀመሩ ተደናቅፌ ተዘረርኩ። ተነሣሁ፣ ኳስ ግንባሬን መታኝ። ከዳር ያሉት በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ አንዷማ «የመብራት እንጨቱ ወደቀ!» ብላ ጮኸች። የጓደኛዬ ፊት ተለወጠ። አውቃታለሁ፣ ራሷ ስትሰድበኝ ትውላለች እንጂ ሌላ ሰው ሲስቅብኝ አትችልም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ዛሬም ሳስበው ውስጤ ይቃጠላል። መንገዱ ወለል ብሎ የተከፈተላትን፣ ራሷ ማግባት የምትችለውን ኳስ ሁሉ ለእኔ ታቀብል ጀመር። «እንኪ!» ኳሱ እጄ ላይ ነው፣ ከቀለበቱ ሥር ቆሜ መጣል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ገባ። «እንኪ!» ገባ። የሚስቁት ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ማጨብጨብ ጀመሩ። የሚያጨበጭቡት ለእኔ ነው። እሷ ሁልጊዜም እንዳመሏ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ኋላ ትሮጣለች። አንቺ ሞኝ! ያን ዕለት እንኳ ለራስሽ አትይም? ያን አንድ ቀን እንኳ?

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ የፈለጋቸውን እየጠራ ወደ አንድ ወገን አቆማቸው። አንድ ቦታ ቀረ። ሁለታችንን ጠራንና የጓደኛዬን ፊት እያየ እንዲህ አላት።

«ዛሬ እዚህ ከመጣው ሁሉ ኳስ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አልዋሽሽም። ግን በአንቺ ቦታ የሚጫወቱ ልጆች አሉኝ። ካንቺ ያንሳሉ፣ ቢሆንም አሉኝ። ከቀለበት ሥር የሚቆም ሰው ነው ያጣሁት። አምናም የተሸነፍነው በዚያ ነው። ቡድኑ የሚያስፈልገው ረጅም ሰው ነው።» ከዚያ ወደ ቀሩት ዞሮ «ረጅሟ ትቆይ፤ ሌሎቻችሁ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ኮች፣ ተሳስተዋል» አልኩት። «እኔ ኳስ አላውቅም። የገባው ሁሉ እሷ ስላቀበለችኝ ነው። ሌላ ሰው ቢያቀብለኝ አልይዝም።»

«መያዙን እኔ አሳይሻለሁ። ለእሷ ግን ቁመት ከየት ላምጣላት?»

«እንግዲያው እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም።»

የተቆጣችኝ አሰልጣኙ ሳይሆን ጓደኛዬ ናት። ወደ ዳር ጎትታ ወሰደችኝ። «እኔ ቀረሁ፣ አበቃ። አንቺ ደግሞ ብትቀሪ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ሂጂ! በማርያም፣ ሂጂ!» አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከትከሻዬ ላይ አውርዳ ራሷ ያዘችው። እዚህ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ «ለምን እሺ አልሽ?» ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አቦ ተዉኝ! እምቢ ብል እሷ አትገባም፤ ያ ቦታ ለሌላ ረጅም ነው የሚሰጠው።

ቡሬ ስንመለስ ገበያ ቀን ስለነበር አባቷ መናኸሪያው በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? እንዴት ሆነ?» አሉ። እሷ ቀደመችኝ።

«እሷ ተመረጠች፣ አባዬ።»

ፊታቸው በራ። እኔ ከተመረጥኩ እሷማ የት ትቀራለች ብለው መሰለኝ። «ተመስገን! አንቺስ?»

«እኔ አጭር ነሽ ተባልኩ።»

ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ዝቅ ብለው እሷን አዩ። «አጭር?» አሉ። «ኳስ በቁመት ነው እንዴ? እኔ እኮ በችሎታ መስሎኝ… ባውቅ ኖሮ…» አልጨረሱትም። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እንድትመረጥ እሳቸውም ሲጸልዩ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ። ቃላቸውን ግን ሰጥተዋል። ሦስታችንም በገበያው መሐል አልፈን ሄድን።

ሰርጉ ላይ አልነበርኩም፤ ባሕር ዳር ልምምድ ላይ ነበርኩ። እዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ጉድ ሆንኩ። ያቀብሉኛል፣ ኳሱ ጣቴን መትቶ ይወጣል። ያቀብሉኛል፣ ደረቴን መትቶ ይወጣል። መጥፎ ልጆች አልነበሩም፣ ጎበዞች ናቸው፤ እጄ ግን አያውቃቸውም። ትንሽ ቆይቶ ቦታዬ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆነ። ከአንድ ሽንፈት በኋላ አሰልጣኙ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ነካሽ? ያን ቀን እኮ እንዲህ አልነበርሽም።»

«ያን ቀን የሚያቀብለኝ ሰው ነበረኝ፣ ኮች። ነግሬዎት ነበር።»

ፊሽካውን በጣቱ አገላበጠ። «ያቺ አጭሯ አሁን የት ናት?»

«ተዳረች።»

«እኔን ይድፋኝ!» አለ። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። «ተሳስቻለሁ። ፈልገሽ አምጫት፣ ለእሷ ቦታ አላጣም። ባሏም ቢሆን እኔ ራሴ ሄጄ አናግረዋለሁ።»

ደስታዬን አልነግራችሁም። ስልክ ብደውል ብደውል አይገባም። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል በአገሩ ጦርነት ተነሥቶ ተኩሱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ውድድሩ ቀረ። ቡድኑ ተበተነና ሌሎቹ ወደየመጡበት ሄዱ። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ቀረሁ። አሁን አንድ የዕቃ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቱ ሲቀጥረኝ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «መሰላል ከመግዛት ገላገልሽኝ።» እዚህም የተመረጥኩት በቁመቴ ነው።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን አስፈቅጄ እሷ ወደተዳረችበት ወደ ቋሪት ሄድኩ። በጅጋ በኩል እስከ ገበዝ ማርያም በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። አገሩ ብርድ ነው፣ ድንችና ገብስ። ይዤላት የሄድኩት ስኳርና ሳሙና ነው፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ በአፌ የያዝኩት የአሰልጣኙ ቃል አለ። ቡድን እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ተሳስቻለሁ ማለቱን ካልነገርኳት ሌላ ምን ልሰጣት?

ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ላይ አላወቅኳትም። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ባሏ ከክረምት ወዲህ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፣ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። ይህን ስለ ጎረቤት ሰው እንደምታወራ ሆና ነው የነገረችኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥንና የያዝኩትን ቃል ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ባሕር ዳር ማን ያቀብልሽ ነበር?»

«ማንም።»

ሳቀች። የድሮው ሳቋ ነው፣ ጥርሷ ብቻ ነው የተለወጠው። «ኮችሽ ይሄን ለማወቅ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነበረበት?»

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «አንድ ቀን ቡድኑ እንደገና ቢቋቋም፣ ቢጠራሽ ትመጪያለሽ?» አልኳት። ያልኩት ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ ነው ያልኩት። ገና መልስ ሳትሰጠኝ አማቷ ከውስጥ «አንቺ፣ ውሃውስ?» ብለው ተጣሩ። ብድግ አለች። አንቀልባውን ፈታች።

«እንኪ!» አለችኝ።

እጄ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ጣቶቼ ሳላዛቸው ተዘረጉ፣ ሕፃኗም እጄ ውስጥ ነበረች። ያን ሁሉ ኳስ የጣለ እጅ እሷ ያቀበለችውን አልጣለም።

«ሴት ናት» አለች፣ ጀሪካኑን እያነሣች። «ቁመቷም የእኔ ነው የሚሆነው። ምን ይውጣት!»

ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረደች። ዞር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አቀብላ ዞር ብላ አይታ የማታውቅ ልጅ፣ ምን ብዬ እንደጠበቅኳት እንጃ። እኔ ልጇን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።