ያለ ቀጠሮ የሄድኩበት ቀን

ክንዴን መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቴ ናት፤ ጦር ኃይሎች ሰፈር ልብስ የምትነግድ፣ ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋራን ሴት። እጅጌዬን ሰብስቤ ልብስ ሳሰጣ አየችኝና ደንግጣ፣ "ማነው የመታሽ?" አለችኝ። ከክርኔ በላይ ያለው ቆዳ ወይን ጠጅ መስሎ ነበር። ማንም አልመታኝም። ጠዋት ጥርሴን ስፍቅም ድዴ መድማት ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል።

ለልጄ ስነግራት፣ "እማዬ፣ እድሜ ነው" አለች።

እድሜ! ከርዕሰ መምህርነቴ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያመኝ ነገር ሁሉ ስሙ እድሜ ሆኗል። የአንጀቴን ካንሰርም ስንት ወር እድሜ ሲሉት ከርመው ነው በቀዶ ጥገና የወጣልኝ። ከዚያ ሌላ ሆስፒታል ላኩኝና ጠዋትና ማታ የምውጠው የካንሰር ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ሁለት ሳምንት እወስዳለሁ፣ አንድ ሳምንት አርፋለሁ። ክንዴ የጠቆረው ሁለተኛውን ዙር ልጨርስ ስል ነው።

"ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ" አልኳት።

"ቀጠሮሽ ገና ነው። ሰዎቹን አታስቸግሪያቸው።"

"አስቸግራቸዋለሁ።"

ከመሳቢያው፣ ከቦርሳዬ፣ ከፍሪጁ ላይ፣ ቤት ውስጥ ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ለቅሜ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ነርሷ በር ላይ ካርዴን አየችና፣ "እማማ፣ የእርስዎ ቀን ማክሰኞ ነው" አለችኝ።

"ማክሰኞም እመጣለሁ" ብያት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አብራኝ የመጣችው ልጄ አፍራ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልተነሳሁም።

በመጨረሻ የሚከታተለኝ ወጣት ሐኪም አስገባን። እኔን ትቶ ልጄን፣ "ምግብ ይበላሉ? እንቅልፍስ?" ይላታል።

"ዶክተር፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። እኔን ጠይቀኝ።"

ቀና አለ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። የደም ግፊቱ፣ የካንሰሩ፣ ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ለልቤ የሚሰጠኝ ደም ማቅጠኛ፣ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ራሴ ከፋርማሲ የምገዛው ማስታገሻ። ሐኪሙ ደም ማቅጠኛውን አንስቶ ስሙን አነበበ።

"ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?"

"አንተን ከማወቄ በፊት።"

"ካርድዎ ላይ የለም እኮ።"

"የጠየቀኝ የለማ!"

የመድኃኒት ባለሙያዋን አስጠራት። እያንዳንዱን ፓኬት አገላብጣ አየችና አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የካንሰሩ ኪኒን የደም ማቅጠኛውን ኃይል ይጨምረዋል፤ ማስታገሻው ደግሞ ጨጓራን ስለሚያደማ ነገሩን ያባብሰዋል። "እኛ ክሊኒኩ የሚሰጥዎትን አናውቅም፣ እነሱ የእኛን አያውቁም፤ እርስዎ መሀል ላይ…" አለችና ተወችው። ደሜ ሲመረመር ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። አዳልጦኝ ወድቄ ቢሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ሊፈስ ይችል ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤት አልመለሱኝም፤ አስተኙኝ።

ፍርሃቱ የመጣው አልጋው ላይ ጋደም ካልኩ በኋላ ነው። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠ፤ እሺ ብዬ ማክሰኞን ብጠብቅ ኖሮስ? ልጄ እጄን ይዛ አለቀሰች።

"እኔ እኮ እድሜ መስሎኝ…"

"ሁለተኛ እንዳትይው" አልኳት። ከዚህ በላይ አልተቆጣኋትም። እሷም ከእኔ እኩል ደክሟት ነበር።

ደም ማቅጠኛው በሌላ ተለወጠልኝ፤ ማስታገሻውም ቀረ። የክንዴ ጥቁረት ቀስ በቀስ ቢጫ ሆኖ ጠፋ፤ የቀሩኝን ዙሮችም አንድ ሳይጎድል ጨረስኩ። አሁን ማንም ይሁን ማን አዲስ መድኃኒት ሲጽፍልኝ፣ ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት፣ "ከሌሎቹ ጋር ይስማማል?" እለዋለሁ። ባለፈው አንዱ ሐኪም ቅር ብሎት፣ "እማማ፣ አያምኑኝም ማለት ነው?" አለኝ።

"አምንሃለሁ። ግን አይተህ መልስልኝ።"

ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆር! መዝገቤን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያገላብጥ እግሬን ዘርግቼ ጠበቅኩት።