አንድ ገጽ ሳያነብ መኪና ላይ የማይወጣው ዓለምነው

ወላሂ፣ ከዓለምነው ጋር ጥንድ ሆኖ መሥራት የትዕግሥት ፈተና ነው። ሥራችን ልስን ነው። እኔ ሲሚንቶ አቦካለሁ፣ እሱ ግድግዳ ይለስናል። ሁለታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለንም፤ ስለዚህ በየማለዳው እዚህ ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቅና አሠሪያችን መርዋን ፒክአፑን ይዞ ሲመጣ ዘለን እንወጣለን። መርዋን የሚወስደን በጥንድ ነው። ለሳኝ የሌለው አቡኪ ለእሱ ምኑም አይደለም። ዓለምነው ከቀረ እኔም ቀረሁ ማለት ነው።

ይህ ሰው አገር ቤት ኮሌጅ ገብቶ በጦርነቱ ምክንያት ያቋረጠ ነው። ሪያድ ከመጣ በኋላ በስልክ የሚሰጥ የርቀት ትምህርት አገኘና ሒሳብ አያያዝ ተመዘገበ። መማሩ ባልከፋ። ግን ዕቅዱ! አምስት ትምህርት በአንዴ፣ ከሥራ መልስ በየማታው አንድ ምዕራፍ፣ ጁምዓ ሲሆን ሙሉ ቀን ክለሳ። “አንተ ሰውዬ፣ ሚኒስትር ልትሆን ነው እንዴ?” አልኩት። የምናድረው ስምንት ሆነን ነው። አንዱ ስልክ ላይ ይጮኻል፣ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ያንኮራፋል። ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም፤ ስልኩን ደረቱ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ጣለው። ከዚያ በራሱ ተናዶ አኮረፈ። ኩርፊያው ሲበርድለት ከፊተኛው የባሰ ዕቅድ አወጣ። እንዲህ እያለ ሁለት ጊዜ ፈተና ወደቀ። ሦስተኛ ከወደቀ ስሙ ከትምህርቱ እንደሚሰረዝ ተነገረው።

ይኼኔ ነው እኔ ጥልቅ ያልኩት። ምን አገባኝ? “ወንድሜ፣ አምስቱን ተውና አንዱን ያዝ። በቀን አንድ ገጽ። አንድ ብቻ! ግን ሰማይ ቢደፋ እንዳታልፋት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየና “እሺ” አለ። ሰው ምክሬን ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ የዋህ!

ገጿን የሚያነባት መቼ ይመስላችኋል? ጠዋት፣ መንገድ ዳር፣ መኪና ስንጠብቅ! መርዋን ሲዘገይ ችግር የለም። ቶሎ የመጣ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሰው እየተጋፋ ይወጣል፣ ዓለምነው ጣቱን ቀስሮ፣ “ቆይ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ” ይላል። ለአሠሪ “ቆይ”! ያውም ፖሊስ ሳያየን ብን ማለት ሲገባን!

“መኪናው ላይ አንብባት እንጂ!”

“እንደዚያ ተጠቅጥቀን? አይገባኝም።”

“ማታስ?”

“ማታማ እንቅልፍ ነው።”

“ምሳ ሰዓትስ?”

“እጄ ሲሚንቶ ነዋ።”

ለሁሉም መልስ አለው። ሁለት ቀን መኪናው ጥሎን ሄደና ሥራ ፈትተን ዋልን። ደሜ ፈላ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እሱ እኮ እሺ ብሎ ነው መከራው እኔ ላይ የወረደው!

ባለፈው እሑድ መርዋን መስኮቱን ዝቅ አደረገና እኔን ጠራኝ። “ነገ ከዘገየ ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ለሳኝ አመጣለሁ። አንተም ቁርጡን ንገረኝ፤ ከእሱ ጋር ነህ ወይስ ከሥራው?” አለኝ። ከሥራው ነኝ አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? አገር ቤት እጄን የሚጠብቁ እናት አሉኝ። ማታ ለዓለምነው ሁሉንም ነገርኩት፤ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። “ሰምቻለሁ” አለኝ፣ በቃ።

በማግስቱ ፒክአፑ ከወትሮው ቀድሞ ከች አለ። ዘልዬ ወጣሁ። ዓለምነው ንቅንቅ አላለም።

“ያላ! ውጣ እንጂ!” ብዬ ጮኽኩበት።

ቀና ብሎ አየኝ። “ሬድዋን ወንድሜ፣ ቀኑን ለመርዋን ሰጥቻለሁ። ማታውን ድካም ይወስደዋል። የራሴ የምላት ይቺን ገጽ ብቻ ናት። እሷንም ልስጥ?” ቁጣም ልመናም የለበትም። “አንተ ሂድ፣ አልቀየምህም” አለና ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

አልቀየምህም ማለቱ ነው አንጀቴን የበላው። ቢሰድበኝ እኮ በሰላም እሄድ ነበር! መርዋን ማርሽ አስገባ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዘልዬ ወረድኩ። መኪናው መንገድ ዳር ከቆሙት ሌላ ለሳኝና አቡኪ ይዞ ሄደ።

ያለ የሌለ ስድብ አወረድኩበት። ግትር አልኩት፣ ደንቆሮ አልኩት፣ የእኔን እንጀራ የምትዘጋ አልኩት። ሌላ መኪና ይምጣ አይምጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ስድቡ ሲያልቅብኝ ከጎኑ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ ስልኩን ትቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

“ምን ታፈጥብኛለህ?” አልኩት። “አንብብ እንጂ!”