ደርሶ መልስ ወደ አባቴ ቤት

ባሕር ዳር ባቡር የለም። ባቡር በሌለበት ከተማ ተቀምጬ ሦስት ወር ሙሉ የባቡር ጉዞ ሳሰላ ከረምኩ። ጉዞው የአንድ ቀን ነው፤ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ናዝሬት መድረስ፣ ከሰዓት በኋላ በሚመለሰው ባቡር ተመልሶ አዲስ አበባ መግባት። ይዤው የምሄደው ልጄ ሁለት ዓመት ገና መሙላቱ ነበር። የምሄደው ደግሞ አባቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ናዝሬት ጣቢያ ሐዲድ ሲያዛውር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለዘመቻ ወደ ጎጃም ተላክሁና፣ ዘመቻው ሲያበቃ ባሕር ዳር ሥራ ይዤ በዚያው ቀረሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ከአንድ መካኒክ ጋር ተዋወቅን፤ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ተጋባን። ወደ ቤተሰቦቼ ሽማግሌ አልተላከም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጊዜው ክፉ ነው፣ ፈቃድ አይገኝም አልን፤ ምክንያት ሞልቶን ነበር። አባቴ ማግባቴን የሰማው ጣቢያው ላይ ከባቡር ከወረደ ሰው ነው። ሰውየው ክፋት አልነበረውም፤ «ልጅዎን ዳሩ አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ብጽፍ መልስ የለም። አራት ዓመት እንዲሁ ሆነ።

እናቴ ግን በጎረቤት ልጅ እጅ እያጻፈች አንዳንዴ ትልክልኝ ነበር። ልጄ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ በመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «አባትሽ ትናንት ራት ላይ፣ ያ ልጅ ጥርሱን ጨረሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላ አልተናገረም።» ነይ አላለም። አትምጪም አላለም።

ደብዳቤውን ለንስሐ አባቴ አነበብኩላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጌ በታንኳ የሚመጡ አዛውንት ቄስ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው የንስሐ ልጆቻቸውን ያነጋግራሉ። እኔና ባለቤቴ በቁርባን ለመጽናት ከለመንናቸው ቆይተናል። እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው።

«አባትሽ እንዳዘነብሽ ሥጋ ወደሙ ባቀብልሽ እኔም እጠየቅበታለሁ» አሉኝ። «ጥርሱን ጠይቋል አይደል? በይ ጥርሱን ውሰጂና አሳይው።»

ያን ዕለት ማሰብ ጀመርኩ።

የአንድ ቀን ጉዞ ያደረግሁት አውቄ ነው። አራት ዓመት ያላናገረኝን ሰው መኝታ አንጥፍልኝ ማለት አልሆነልኝም። ካልተቀበለኝ፣ እናቴ በሁለታችን መካከል ቆማ እንዳትጨነቅ፣ «የዘጠኝ ተኩሉ ባቡር እንዳያመልጠኝ» ብዬ ልጄን አዝዬ መውጣት እችላለሁ። ሰው ፊት የሚነገር ምክንያት ይዤ መግባት ፈለግሁ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገሃር ሄዳ ሰዓቱን ጠይቃ ላከችልኝ፤ በሁለት ሰዓት ተነስቶ በአምስት ናዝሬት ይደርሳል፣ የመልሱ ከናዝሬት በዘጠኝ ተኩል ይነሳል። በመካከሉ አራት ሰዓት ተኩል አለኝ። ለይቅርታ አይበቃም የሚል ካለ ለእምቢታም ይተርፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቀኑን ሐሙስ አደረግሁት፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ አባቴ ደግሞ በጾም ቀን እንግዳ ሲመጣበት አይወድም። ከባሕር ዳር ሰኞ ብንነሳ ደብረ ማርቆስ አድረን ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ እንገባለን። ረቡዕ ልጁ ያርፋል። ሐሙስ ናዝሬት ደርሶ መልስ። ዓርብ በአውቶቡስ ተነስቶ ቅዳሜ ባሕር ዳር። ይህን ሁሉ በፋብሪካው ወረቀት ጀርባ ጽፌ ስዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጥኩት።

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቅጹን አውጥቶ ጠየቀኝ።

«ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?»

«አባቴን ለመጠየቅ።»

«ታመመ?»

አዎ ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አባቴን በአፌ ማሳመም ፈራሁ። «ደኅና ነው። ተቀይሞኝ ነው» አልኩት።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «ጓዲት፣ ቅጹ ላይ ቂም የሚል ምክንያት የለም» አለ። «ሕመም አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የመንግሥት ሥራ አለ።» ትንሽ አሰበና «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ቅዳሜ እንድመለስ ቀን ቆርጦ ማኅተሙን መታበት።

የቀረው ልጁ ነው። ሦስት ሰዓት ባቡር ውስጥ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ለማየት አንድ ቅዳሜ በሞተር ጀልባ እስከ ዘጌ ወሰድኩት። መጀመሪያ ውሃውን እያየ ዝም አለ። ቀጥሎ ውሃው ውስጥ ልግባ አለ፤ በነጠላዬ ወገቡን ከወገቤ ጋር አሰርኩት። ከዚያ ከፊታችን የተቀመጡትን ሴትዮ የሎሚ ዘንቢል ፈትቶ ሎሚውን አንድ በአንድ ወደ ሐይቁ መወርወር ጀመረ። ልንደርስ ስንል ደግሞ ጭልጥ ብሎ ተኛ፤ ሲቀሰቅሱት ምድር እስኪናወጥ ጮኸ። ማታ ወረቀቴ ላይ ጨመርኩ፦ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ፖፖ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ውሃ በኮዳ። ከሥሩም «እንቅልፉን ሞጆ ሳይደርስ ይጨርስ» ብዬ ጻፍኩ።

ከጎናችን ከሐይቁ ማዶ ደልጊ የተወለዱ፣ ደረቅ ዓሣ የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ደርድሬ ልጁን ከኋላዬ አስቀምጬ ባቡር ባቡር ስጫወት ከደጃቸው ሆነው ያዩኛል።

«ይኸ ነው ባቡር የምትይው?» አሉኝ። «እኔማ ሌላ መስሎኝ ሰምቼ ስፈራ ኖርሁ።»

«ዋናው ይጮኻል እትዬ።»

«ጩኸቱንማ ልጅሽ ችሎበታል።»

ጉልበት መሳም ያስተማርኩትም በሳቸው ጉልበት ነው። «የአያትን ጉልበት ሳም» ስለው እየተንደረደረ ሄዶ ይስማል፤ እሳቸው ቁራሽ ዳቦ ይሰጡታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ባየ ቁጥር ጉልበት የሚስም ልጅ ሆነ። እሳቸው ግን በዚህ ብቻ አልረኩም።

«ድንጋይስ?» አሉኝ አንድ ቀን። «አባቱን ያስቀየመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባ። እኔ ባሌን ባስቀየምሁ ጊዜ የወፍጮ መጅ ተሸክሜ ነው የገባሁ።»

«እትዬ፣ ልጅ አዝዬ፣ ስንቅ ይዤ፣ ፖፖ ይዤ፣ ድንጋዩን ባቡር ውስጥ የት አደርገዋለሁ?»

«ከመቀመጫሽ ሥር።»

ሳቅን። ግን ሌሊቱን ስለ ድንጋዩ አሰብኩ። ድንጋዩን የተውኩት ለክብደቱ አይደለም። የአባቴ ልብ በልጁ ይሸነፋል ብዬ ተማምኜ ነበር። ልጁ ጉልበቱን ሲስም እኔ ከኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ያሰብኩት እስከዚያ ድረስ ነበር።

ሰኞ ተነሳን፤ ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ላም ባየ ቁጥር «ታንኳ!» ይላል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ለሱ ታንኳ ነው። አልተኛም። ደብረ ዘይት አልተኛም። ሞጆ ላይ ዓይኑ እንደ ጉጉት ፈጦ ነበር። ሞጆን አልፈን ጥቂት እንደሄድን እቅፌ ውስጥ ራሱን ጣለ።

ናዝሬት ስንወርድ ፀሐዩ ከባሕር ዳር ይብሳል። ልጁን እንደተኛ አዝዬው፣ ከጣቢያው ኋላ ያለውን የሠራተኞች ሰፈር አልፌ፣ ያደግሁበት ቤት በር ላይ ቆምኩ። እናቴ ከፈተች። አፏን በነጠላዋ ያዘች እንጂ አልጮኸችም፤ ወደ ውስጥ በዓይኗ አመለከተችኝ።

አባቴ ከበሩ ትይዩ ተቀምጧል። ጢሙ ነጭ ሆኗል። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁን አውርጄ አቆምኩት። በእንቅልፍ ልብ ነው፤ በላብ ርሷል። «ሂድ፣ የአያትን ጉልበት ሳም» አልኩት በሹክሹክታ። ሽማግሌውን አየ። ከዚያ በሕይወቱ ጮኾ የማያውቀውን ያህል ጮኸ። ቀሚሴን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ፊት ገፋሁት፤ ወለሉ ላይ ተዘረረ። «ሳም እንጂ የኔ ጌታ፣ ሳም» እያልኩ እጁን እጎትታለሁ፤ ራሴም ላለቅስ ደርሻለሁ።

«ተይው» አለ አባቴ።

በአራት ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም።

«የበደለኝ እሱ ነው?» አለ።

ለዚህ ወረቀቴ ላይ አንድም የጻፍኩት ነገር አልነበረኝም። ወደ ፊት ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «አይደለም አባባ። እኔ ነኝ። አላማከርኩህም፣ አላስፈቀድኩህም፣ ከሰው አፍ እንድትሰማ አደረግሁህ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አልኩት። ግንባሬን ጫማው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ልጁ እኔን መሬት ላይ ሲያየኝ ደንግጦ ዝም አለ፤ ከዚያ ጨዋታ መስሎት መጥቶ አጠገቤ ተኛ።

«ተነሺ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ወለሉ አቧራ ነው።»

ተነሳሁ። ይቅር ብያለሁ አላለም። እናቴ ምሳ ስታቀርብ እሱ አልራበኝም ብሎ ደጅ ወጣ፤ እኔ ልጄን አበላሁ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ልጁ በሩን ከፍቶ ወደ አያቱ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጥቂት ቆይቶ አባቴ በበሩ ብቅ አለና እኔን ሳይሆን እናቴን፣ «ባቡር ላሳየው» አላት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጓዜን አስሬ ነጠላዬን ለበስኩ። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ማንም የለም። ልሂድ ብል ልጄ እሱ ዘንድ ነው። የባቡሩ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ መሬቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድምፁ ወደ ሞጆ እየራቀ ሄደ።

«እማዬ፣ ሰዓቱን ረስቶት ይሆን?» አልኩ።

«ማን? አባትሽ?» አለች እናቴ፤ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «አባትሽ የልጆቹን ልደት ይረሳል እንጂ የባቡር ሰዓት አይረሳም።»

ሲመለሱ ልጁ ትከሻው ላይ ነው፤ በሁለት እጁ የአያቱን ጆሮ ይዟል። አባቴ የታሰረውን ጓዝ አየ፤ እኔን አየ።

«የነገው በሦስት ሰዓት ያልፋል» አለ። «ያኛው አይጨናነቅም፤ ለልጅ ይሻላል።»

ማታ ከአንድ ትሪ በላን። አባቴ ባርኮ ቆረሰ። ሳያየኝ አንድ ጊዜ አጎረሰኝ፤ ቆይቶ፣ ጉርሻው ብቻውን እንዳይሆን፣ ሁለተኛ ጨመረልኝ። ስለ ባለቤቴ ምንም አልጠየቀም። ልተኛ ስል ግን «መካኒክ ነው አላችሁ? የምኑ?» አለ። «የክር ማሽን» አልኩት። «ማሽን ጥሩ ነው» አለ።

የዓርቡ አውቶቡስ አመለጠኝ። ባሕር ዳር የገባነው እሑድ ማታ ነው። ቀኑ በማለፉ ሊቀ መንበሩ አስጠራኝ።

«ለምን ዘገየሽ?»

«ባቡር አመለጠኝ።»

«ምክንያት ስትፈልጊ እዚህ አገር ያለ ነገር አጥተሽ ነው?» አለና ወረቀቱን ተቀበለኝ።

የንስሐ አባቴን ያገኘኋቸው በተከታዩ ቅዳሜ ነው። ታንኳቸውን ወደ ዳር ስበው ገና እጃቸውን ሲያራግፉ ነበር።

«ታረቃችሁ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባ።»

«እርቅ እንዴት አይታወቅ? ይቅር ብያለሁ አለሽ?»

«አላለኝም።»

ፊታቸው ከበደ። በቁርባን ነገር መዋሸት አይቻልምና የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ልጁ እንደጮኸ፣ አባቴ ምሳ እንዳልበላ፣ ባቡሩ እንደሄደ። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። እኔም የሚሉትን አውቄ ተቀበልኩት፤ እንደገና ሂጂ ይሉኛል፣ ለሚመጣው ዓመት ፈቃድ እጠይቃለሁ።

«ማታ ከአንድ ማዕድ በላችሁ?» አሉ።

«በላን።»

«አጎረሰሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሰውየው ስንት ዓመት ባቡር ላይ ሠራ አልሽኝ?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«እንግዲያ ከዚህ በላይ ምን ይበልሽ?» አሉና መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ተሳለምኩ። «ቀኖናችሁን ስትፈጽሙ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ ከባልሽ ጋር ትቆርባላችሁ። ሕፃኑም አብሮ ይቀበላል። ከሌሊቱ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ።»

«ቅዳሴው በስንት ሰዓት ያልቃል አባ?»

«በሦስት።»

ልጄ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነቅቶ ዳቦ የሚል ልጅ ነው። «እስከ ሦስት ሰዓት?» አልኳቸው።

«እስከ ሦስት ሰዓት» አሉ። እኔም ቤት ስገባ ንጹሕ ወረቀት ፈለግሁ።