ሽማግሌዎቹ ዲግሪውን ይዘው የሄዱ ዕለት

ልጄ የተመረቀ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ያለችው ቤቴ ሠርግ የተደገሰባት ነበር የምትመስለው። ከፈረስ ቤት ዘመድ ወረደ፣ ከቡሬ ዘመድ መጣ፣ ድንኳኑ ከእኔ ግቢ አልፎ የጎረቤቴን በር ዘጋ። ጥቁሩን ካባ ለብሶ፣ ያችን አራት ማዕዘን ቆብ ደፍቶ የተነሣውን ፎቶ አሳደግሁና በመስታወት አሠርቼ ከበሩ ትይዩ ሰቀልሁት። የገባ ሰው ሁሉ ከእኔ በፊት እሱን ሰላም እንዲል ብዬ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ እሱ ደብተሩን ዘርግቶ ጮክ እያለ ሲያነብ እኔም ሽንኩርት እየላጥሁ ከጎኑ አነባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ተከተልሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ማጥናት ሲጀምር ደግሞ ክረምት ክረምት ይዟቸው የሚመጣቸውን የአማርኛ መጻሕፍት እሱ ኳስ ሊያይ በወጣ ቁጥር እኔ እይዛቸዋለሁ። «እማ፣ ዘንድሮስ ፈተናውን አንቺ ተፈተኝልኝ» እያለ ይስቅብኛል። ስለዚህ ያ ፎቶ ሲሰቀል ግማሹ የእኔም መስሎኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

ሥራው ግን አልመጣም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ከእኩዮቹ ጋር ሲጋፋ ይውልና ጫማውን አቧራ አልብሶ ይመለሳል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ «የት ተመደበልሽ?» ይሉኝ ነበር። ቆይተው «እስካሁን ነው እንዴ?» አሉኝ። በኋላ ጭራሽ መጠየቁን ተዉት፤ የከፋኝ እሱ ነው። ልጄ ግን እኔ ስቆዝም እሱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ገዛ። በቆሎው ደርቆ በተሰበሰበ ጊዜ ማሽኑን እያስጎተቱ በጅጋ ዙሪያ ካለው ገበሬ አውድማ ወደ አውድማ ይዞራሉ። ቤት ሲመጣ ከእግር እስከ ራሱ እብቅ ለብሶ ነው፤ አፉንና አፍንጫውን፣ ጭንቅላቱንም ጭምር በሻሽ ስለሚጠመጥም ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«ያን የምርቃት ካባ ለምን አትለብሰውም? አቧራ ይከላከልልህ ነበር» እለዋለሁ።

«ይሞቃል፣ እማ።»

ታዲያ አንድ ቀን እብቁን ሳያራግፍ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና «ሽማግሌ ላኪልኝ» አለኝ። ልጅቱ ከጅጋ ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ልጅ ናት። በአባቷ አውድማ ላይ ሲፈለፍሉ ውሃ ስታቀብላቸው አይቷታል፤ ከዚያ ገበያ ላይ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ። እሷ ግን ለአባቷ «እገሌን ወድጃለሁ» ብላ አትናገር፤ ነውር ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ነው። «አባቷ እምቢ ካሉ እኔ ሌላ አላገባም፣ እማ» አለኝ። ሁልጊዜ የሚስቀው ልጄ ያን ዕለት አልሳቀም።

አጎቴ በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸው። ሁለት ጓደኞቻቸውን ያዙና ለመሄድ ሲነሡ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ስለ ማሽኑ እንዳትተነፍሺ።»

«እንዴት፣ ጋሼ? እንጀራው እኮ ነው!»

«አንቺ ደግሞ ሽምግልና ታስተምሪኝ? ድሮ ለአንድ ባለ ዲግሪ ሄጄ፣ ዲግሪ የምትለዋ ቃል ከአፌ ሳትወጣ አባትየው በግ አሳርዷል። አሁን እብቅ ውስጥ ነው የሚውለው ብዬ ልጃችንን ላዋርደው?»

ሽማግሌ ሲሄድ እናት አትከተልም። እኔ ጅጋ፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ዘመዴ ዘንድ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ተመለሱ። አጎቴ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠውታል፤ ይህን ሲያደርጉ ተናደዋል ማለት ነው።

«ምነው፣ ጋሼ?»

«ምን ምነው አለው! እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆምን። ተቀመጡ ቢለን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ዘመድ ልንሆን መጥተናል፣ ልጃችን የተማረ ነው፣ ዲግሪ አለው ስል ሰውዬው ሳቀ!»

«ሳቁ?»

«ሳቀ እንጂ! ግድግዳውን አሳየኝ። ካባና ቆብ የለበሱ ሁለት ልጆቹን ሰቅሏቸዋል፤ ልክ እንዳንቺው። እኔም ቤት ሁለት ዲግሪ አለ፤ ቁርሳቸውን በልተው ስልካቸውን ይዘው ከባሕር ዛፉ ሥር ይውላሉ፤ ሦስተኛ ልጨምርበት ወይ አለኝ። ከዚያ የባሰውን ስሚ። ልጄንስ ያ በቆሎ ፈልፋይ ሽማግሌ ቢልክባት እሰጠው ነበር አይለኝም! እኛን አቁሞ፣ ለፈልፋይ!»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ፍርሃቴ። አካባቢው ላይ የሚዞረው ማሽን የልጄ ብቻ አይደለም። «ሌላውን ፈልፋይ ቢሆንስ የሚሉት?» አልሁ።

«እሱን ልጠይቅ ተመልሼ? ትናንት ባለ ዲግሪ ነው ብዬ ዛሬ ፈልፋይ ነው ብል፣ ይህ ሽማግሌ ሙሽራ ይቀያይራል አይለኝም?» ዱላቸውን ከብብታቸው አወጡና መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ፎቶውን አምጪው። ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን በዓይኑ ይየው።»

ለሽምግልና ፎቶ ይዞ የሄደ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ግን ከግድግዳው አወረድሁት፤ አጎቴ በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘውት በባጃጅ ሄዱ። ልጄ የዚያን ቀን ሥራ አልሄደም። ግቢውን ጠርጎ ጨርሶ እንደገና ጠረገው።

የሆነውን ከሦስቱም ሽማግሌዎች ሰምቼዋለሁ፤ በዚህኛው ላይ ሦስቱም አይለያዩም። አሁንም ደጃፉ ላይ ቆሙ። አባትየው ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዘው ቀና ዘቅዘቅ አድርገው አዩት።

«ይህማ እሱ አይደለም። የእኔ ፈልፋይ እንዲህ ያለ ጉንጭ የለውም።»

«ጉንጩን መቼ አዩት፣ ጌታው?» አሉ አጎቴ። «ተሸፍኖ አይደል የሚሠራው!»

«አላየሁትም። ግን እሱ አይደለም።»

ይህን ጊዜ እናትየዋ ከጓዳ ወጡ። የሰው ፊት ሲያዩ አንገታቸውን የሚደፉ ሴት ናቸው አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አደረጉና ፎቶው ላይ አለበሱት፤ ቆቡን ከላይ ሸፈኑ፣ አፍና አፍንጫውን ከታች ሸፈኑ፣ ዓይኑን ብቻ ተዉት።

«በሉ፣ አሁን እዩት» አሏቸው ለባላቸው።

አባትየው ጎንበስ ብለው አዩ። «ወይ ጉድ! እሱ ራሱ ነው!» ቀጥለው አጎቴ ላይ አፈጠጡ። «ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ? ማሽኑ ሲግል እነዚያ ጓደኞቹ ጥላ ይፈልጋሉ፤ እሱ እኔ ዘንድ መጥቶ ስለ አያቴ ይጠይቀኛል። ይህ መንገድ ሳይወጣ ሰው በየት ይሄድ ነበር፣ ገበያው ድሮ የት ነበር ይለኛል። የተናገርሁትን በሌላ ቀን አይረሳውም። የእኔዎቹ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህን ማን አስተማረህ ስለው፣ ለዚህ ነው የተመረቅሁት አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ስቄ ነበር!»

ከዚያ በሩን ለቀቅ አደረጉና «ተቀመጡ» አሉ። ሦስቱም ተቀመጡ።

አጎቴ ስልክ ሲደውሉ በእኔ ፋንታ ልጄ ነው ያነሣው። «ተቀመጥን!» ሲሉ ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ልጄ መጥረጊያውን እንደያዘ አቀፈኝ።

ዲግሪ ረከሰ ሲባል በየሄድሁበት እሰማለሁ። በግ ማሳረዱማ ቀርቷል፤ አጎቴም አሁን ያምናሉ። እኔ ግን ክረምት ክረምት ከልጄ እጅ ሰርቄ ያነበብሁት ሁሉ አንድ ቀን አውድማ ላይ ሚስት ያመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ረከሰ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

ፎቶው አልተመለሰም። አባትየው «ይህ ከሁለቱ ጎን ይሰቀል፣ እነሱም እያዩት ይፈሩ» ብለው አስቀሩት። ከበሩ ትይዩ ምስማሩ ብቻ ቀረ። ምራቴ በገባች ሰሞን የባሏን የአውድማ ሻሽ እዚያ ላይ ሰቀለችው፤ እብቁ ወለሉ ላይ ረገፈ።

«ልጄ፣ መስቀሉስ ይሁን» አልኋት፤ «መጀመሪያ ግን እጠቢው።»