በሩን የዘጋው ማን ነው?

የእናቴ በረንዳ መስኮት ሲገፉት ሲጢጥ ይላል። የበረሃዋ ከተማችን የቤርሼቫ አሸዋ ገብቶበት ነው፤ ዛሬ ቢጠርጉት ነገ ይሞላል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በረንዳው ገና መስኮት ያልነበረው ጊዜ ይመጣብኛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከእናቴ ሊነጥሉኝም ተወስኖ ነበር።

ጎንደር ሳለን፣ በእኛ በአይሁዶቹ ዘንድ፣ ሴቶቻችን የወር አበባቸው ሲመጣ ከቤት ወጥተው የመርገም ጎጆ ይገቡ ነበር። ምግባቸውን ሌሎች ሴቶች ያደርሱላቸዋል፤ ወንድ ዝር አይልም። መጥተን የገባንበት ሰፈር፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ ግን ሕንጻ በሕንጻ ነው፤ ጎጆ ከየት ይምጣ? ብዙዎቹ ሥርዓቱን ተዉት። እናቴ አልተወችም። በረንዳውን ጎጆ አደረገችው፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የራሷ ሳህንና ኩባያ። እኔ ምግቧን ደፉ ላይ አስቀምጬላት እመለሳለሁ። አባቴ ኤመቅ ሳራ ካለው ፋብሪካ ደክሞ ይመጣና ሽሮ ይሠራል። የቃጠሎው ሽታ እስከ ታችኛው ፎቅ ይወርድ ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን ከሩቫሃ፣ ከማኅበራዊ እርዳታ ቢሮ፣ አንዲት ሠራተኛ መጣች። ኑሮዋ ባለጸጎቹ መንደር ዖሜር፣ መምጫዋ በመኪና። እናቴን በረንዳ ላይ ተጠቅልላ ስታያት ደነገጠች። አባቴን ጠየቀችው። የአባቴ ዕብራይስጥ ለፋብሪካ ብቻ የሚበቃ ነበርና “ሕጋችን ነው” ብቻ አላት። ደረጃው ላይ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን፣ ያውም የአገራችን ሰው፣ “ምን ታደርጊዋለሽ፣ ብርድ ላይ ነው የሚያስተኛት” ብላ ጨመረችላት። ስሟን አልጽፍም፤ ካነበበችው ራሷን ታገኘዋለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነው።

ሚስቱን ከቤት የሚያባርር አባት ልጅ አያሳድግም ተባለ። ከመጪው በዓል በኋላ ሰሜን ወዳለ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ እንድሄድ ተወሰነ። አባቴ ከገበያ ሻንጣ ገዝቶ መጣና በሩ ሥር አቆመው። ማናችንም አልነካነውም።

ያን ጊዜ ምድር ቤቱን የተከራየችው ጥሩወርቅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ የምትማር የመጀመሪያዋ የሰፈራችን ሴት ናት። የተማሪዎች መኖሪያ ትታ እኛ ዘንድ በመግባቷ ሽማግሌዎቹ “ተምራ ተምራ መጨረሻዋ የእኛ ደረጃ!” እያሉ ያላግጡባት ነበር። እሷ ትስቃለች። ለእኛ ለልጆቹ ግን በሌላ አገር፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ የባለጸጋ ልጆች ሆነው ሳሉ በስደተኞች ሰፈር ቤት ይዘው ስለኖሩ ሴቶች ታወራልን ነበር። ድሀውን ከሩቅ አይተው ከመፍረድ ጎረቤቱ ሆኑ፤ ከጎረቤትነትም ሕግ እስከ ማስለወጥ ደረሱ ትለን ነበር። እናቴ ስትሰማ “መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ በይኛ” ትላት ነበር።

ሠራተኛዋ የመሄጃዬን ነገር ልትጨርስ እንደገና ስትመጣ የእናቴ ቀን ደርሶ በረንዳ ላይ ነበረች። ጥሩወርቅ መጣች። ሠራተኛዋ እፎይ ብላ፣ “አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጂኝ” አለቻት።

“እኔ አላስረዳም፤ የጉዳዩ ባለቤት እዚያ አለች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ” አለችና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አንሥታ በረንዳው አፍ ላይ ደረደረች። ሠራተኛዋ ኮቷን ሰብስባ ተቀመጠች። ነፋሱ ፊቷን ሲገርፋት አይቼ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

“ባልሽ ለምን አባረረሽ?”

እናቴ ብርድ ልብሷን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። “ማን? እሱ? በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ! የተባረረስ እሱ ነው፣ ወደ ማድቤት። ሽሮ ሲያሳርር የሚከርመውን ሰውዬ ጠይቂው።”

አባቴ ከውስጥ፣ “ዛሬ አላረረም!” አለ።

“ሸተተኝኮ!” አለችው። ጥሩወርቅ እየሳቀች ሁሉንም ተረጎመችው። ከዚያ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀና የማትል ሴት በዚያ ጎጆ ብቻ እንደምታርፍ፣ ከሴቶች ጋር ምስጢሯን እንደምታወራ፣ እዚህ ግን አብራት የምትቀመጥ እንኳ እንደሌለች ተናገረች። ያኔ ጥሩወርቅ በእነዚያ ሁሉ ጉብኝቶች ያልተጠየቀውን ጠየቀች፤ “እማማ፣ ምን ያስፈልግዎታል?”

“መስኮት” አለች እናቴ። “ጎጆው እኮ ግድግዳ ነበረው። ልጄን ደግሞ ተዉልኝ።”

ጥሩወርቅ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰች፤ ብቻዋንም አልነበረች፣ የሰፈሩን እናቶች አስከትላ ነበር። እያንዳንዷ በራሷ አፍ እንድትናገር ታደርጋለች፤ እሷ ትተረጉማለች። ፕኒሚያው ቀረ። መስኮቱም ተገጠመ። ሻንጣውን አባቴ የክረምት ብርድ ልብስ ከተተበት።

ያቺን ሠራተኛ በቀደም ክሊኒክ ወረፋ ላይ አየኋት፤ አርጅታለች። ይቅርታ ጠይቃን አታውቅም፤ እኔም ሰላም አላልኳት። ጥሩወርቅን ግን ባገኛት ዝቅ ብዬ ጉልበቷን እስማለሁ።

አሁን እናቴ ያ ወግ አልፏታል። ግን ዛሬም ቤቱ ሲጨናነቅባት በረንዳ ትገባና በሩን ትዘጋለች። ልጄ በዕብራይስጥ “አያቴን ማን አስቀየማት?” ትለኛለች። እኔ ልጅ ሳለሁ ያልነበረው መስታወት አሁን አለ፤ እናቴ ከመስታወቱ ወዲያ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣለች። እኔም ለልጄ አላስረዳትም። ወንበር ሰጥቼ፣ “ሂጂና ራሷን ጠይቂያት” እላታለሁ።