ማሩ የፈሰሰበት

በዚያ ቀን ከእኔ ጋር የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ካህናት፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ጎልማሶች፣ ጎረቤቴን ሊቀብር የወጣው የመንደሩ ሰው፣ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ፣ የባጃጅ ነጂው ሙላው፣ በባጃጁ የተሳፈረች አንዲት ማር ሻጭ፣ እና አንድ የጭነት መኪና ሾፌር። ጊዜው ያለፈው ዓመት ኅዳር፣ ስፍራውም ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ካህን ነኝ፤ ከቅዳሴና ከፍትሐት በቀር በሰው ፊት መናገር ከተውሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበርና ያን ቀን አልረሳውም።

ከፊት ከካህናቱ ጋር እሄድ ስለ ነበር ግጭቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ባጃጁ ቀኙን ይዞ ሲወርድ፣ ሽቅብ የሚመጣው የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ መስመሩን ለቀቀና ገጨው፤ ከዚያም ወደ ራሱ መስመር ተመልሶ ቆመ። ባጃጁ በጎኑ ተጋደመ፤ የሴትዮዋ ባልዲ ተሰንጥቆ ነጩ ማር መንገዱ ላይ ተደፋ። እግሯ ተሰብሮ ነበርና በመንገደኛ መኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው የእግር መንገድ የሚጀምረው ባጃጁ ከወደቀበት ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ቃሬዛ መንገዱን ትቶ በሌላ አይዞርም። ጎልማሶቹ ባጃጁን አንሥተው ከማዶ፣ በጭነት መኪናው መስመር ላይ አቆሙት። ሾፌሩም ቆሞ ያይ ነበር። አስከሬኑ አለፈ።

ከቀብር ስንመለስ የትራፊክ ፖሊሱ ሜትር ዘርግቶ የአደጋውን ፕላን ያነሣል። ባጃጁ ያለ መስመሩ ቆሟል። ሙላው ቢምል ቢገዘትም ጥፋተኛ ሊሆን ነው፤ ሰው ቆስሏልና እስር ይጠብቀዋል።

«ባጃጁን ያዛወርነው እኛ ነን» አልሁ።

ሾፌሩ ሳቀ። «የኔታ፣ እርስዎ ፍትሐትዎን ይድገሙ። የመንገድ ሕግ በግእዝ አልተጻፈም!»

«ሕጉን ለፖሊሱ ተውለት። ማሩ የት እንደ ፈሰሰ ግን አንተም ታያለህ።»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ማሩ የባጃጁን መብራት ስብርባሪ እንደ ያዘ በባጃጁ መስመር ላይ ተጣብቋል።

«ባልዲውንና ስብርባሪውን ከመስመሬ ወደዚያ ሲጥሉ የፈሰሰ ነዋ!» አለ ሾፌሩ።

ፖሊሱ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ግጭቱን ያየ፣ ባጃጁንም ያነሣ ይቅረብና ቃሉን ይስጥ።»

ለቀስተኛው አቀረቀረ። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «የኔታ፣ ይተዉት እንጂ። ፍርድ ቤት ሲያመላልሱን እህሉን ማን ያጭደዋል?» አለኝ።

«ለሞተው መንገድ ከፍተን በሕያው ላይ ልንዘጋ ነውን?» አልሁ፤ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ይበተን ጀመር። በመጨረሻ ወይዘሮ ብርነሽ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ወደ ፖሊሱ ቀረቡ።

«የተነሣው ለባሌ ሲባል ነው። ማሩ ቀድሞ ፈስሶ ነበር፤ እኔው ረግጬው አለፍሁ። ይኸው ጫማዬ። ጻፈኝ።»

ፖሊሱ ፕላኑን አረመ፤ ጥፋቱም በሾፌሩ ላይ ተመዘገበ። ሙላው ዛሬም በዚያ ቁልቁለት ይነዳል።

ከዚያ ወዲህ «ምን አገባዎት?» የሚሉኝ አልጠፉም። አገባኝ። ነገም ፍርድ ቤት ብጠራ በትሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዝምታዬ ለማንም ከለላ እንዲሆን ከእንግዲህ አልፈቅድም።

ያን ያህል ለቀስተኛ ነበር። ቃላችንን ሰጥተን ስንፈርም ለምስክርነት የቀረነው ሁለት ነበርን፦ እኔ፣ እና ባላቸው ላይ የተመለሰው አፈር ገና ያልደረቀላቸው ወይዘሮ ብርነሽ።