አንዱ ሲበጠስ አራቱ ያስታውሳሉ

ዛሬ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የአንድ ተማሪ ብስክሌት ፍሬን ገመድ ተበጠሰ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ከኒም ዛፉ ሥር በእግሩ አፈሩን እየጎተተ አቆማት። እኔን ግን ገመዱ ሲበጠስ ያሰማው "ጢን" የሚል ድምፅ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ አስቆመኝ። ገመዱን ተቀብዬ ጫፉን ፈታሁት። የፍሬን ገመድ ሲያዩት አንድ ሽቦ ይመስላል እንጂ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የሚሠሩት ነው። አንዷን ነጥዬ በሁለት ጣቴ ስወጥራት የግሪስና የዝገት ሽታዋ አፍንጫዬን ሞላው። ከሽታው ጋር የአባቴ ሱቅ መጣ፤ ከሱቁ ጋር ደግሞ ባለክራሩ።

በቅደም ተከተል ልንገርህ። አስተማሪ ስለሆንኩ ከመሀል መጀመር አይሆንልኝም።

አባቴ ጋምቤላ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ የብስክሌት መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ባለክራሩ በሙያቸው አናጢ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በጸሎት ቤታቸው ክራር ይመታሉ። እሳቸው በቋንቋቸው ቶም ይሉታል። ገላው የቆርቆሮ ሳህን ነው፣ ፊቱ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፤ ሁለት ቋሚ እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ አምስት ክር። ክሮቹ የሚሠሩት ከተጣለ የፍሬን ገመድ ነበር። አባቴ ያረጁትን ገመዶች በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅምላቸዋል፤ እሳቸው ሲመጡ ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ይዘረግፍና መቀላለድ ይጀምራሉ።

"የከተማውን ፍሬን ሁሉ ለዝማሬ ጨረስከው እኮ። ሰው በእግሩ ነው የሚቆመው" ይላል አባቴ።

"ሀጂ፣ ያንተ ገመድ ሰው ያቆማል። የኔ ገመድ ሰው ያስነሳል" ይላሉ እሳቸው።

አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ስለነበር ለሴትም ለወንድም "አንተ" ነበር የሚሉት። እኔን "አንተ ልጅ፣ አባትህ አለ?" ይሉኛል። እኔም "አለ ጋሼ" እላለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ዓለም የክር መሣሪያዎች ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልታየኝም። በቻይና ሁለት ክር ብቻ ያለው መሣሪያ አለ፤ መምቻው ከክሮቹ ላይ ሳይሆን በሁለቱ መሀል አልፎ ይጫወታል። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ከትልቅ ቅል ሃያ አንድ ክር የሚዘረጉ ሰዎች አሉ። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ገላው እንደ ኤሊ ድንጋይ ከጠነከረ የትንሽ እንስሳ ጀርባ የተሠራ መሣሪያ ነበር። የእኛ ማሲንቆ በአንድ የፈረስ ጭራ ጥምር ብቻ ሰው ያስለቅሳል። እና ይሄ ሁሉ፣ አስበው፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ የሚወጠር ነገር፣ ባዶ ነገር፣ ሰው። ይህን ለሱቃችን ደንበኞች ሁሉ ነገርኳቸው። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሰው ስለ ቻይና ሰምቶ ይሄዳል። "ልጄ፣ መጀመሪያ ፓምፑን ስጪው" ይል ነበር አባቴ።

ለወላጆች ቀን እኔና የክፍል ጓደኞቼ የዓለምን ካርታ ግድግዳ ላይ ልንዘረጋ፣ በየአገሩ ላይ ከጣሳና ከቅል የሠራነውን መሣሪያ ልንሰቅል ተስማማን። መሀል ላይ፣ በእኛ በኩል፣ ባለክራሩ ቁጭ ብለው እውነተኛውን ይጫወታሉ። "እሺ" ብለው ነበር።

ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብሎ ጣራ ሊሠሩ ወደ አቦቦ ሲሄዱ ክራራቸውን ሱቃችን ተዉት። "አንድ ክር ተበጥሷል። ስመጣ እኔ እሠራለሁ" አሉ።

አየሁት። አንዱ ተበጥሷል፤ የቀሩት አራቱ ጠቁረዋል፣ ዝገዋል፣ አንዱ እንዲያውም ተቋጥሯል። የማደርገው ወዲያው ታየኝ። አባቴን ለምኜ ከፕላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ገመድ ወሰድኩ። ፈታሁት። አምስቱንም አሮጌ ክሮች በፒንሳ ቆረጥኩና ጣልኳቸው። አምስት የሚያብረቀርቁ ክሮች ዘረጋሁ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። የጊታር ክር የሚያስተካክል አፕ ጭኜ ነበር፤ ክሩን ስትነካው መርፌ ወዲያ ወዲህ ይልና ትክክለኛው ቦታ ሲደርስ አረንጓዴ ይበራል። እያንዳንዱን አረንጓዴ እስኪሆን ቃኘሁ። በደብተሬም በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ጻፍኩት፦ ክር አንድ እንዲህ፣ ክር ሁለት እንዲህ፣ እስከ አምስት። ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ መጡ። ክራሩን አንስተው አቀፉት፤ አዲሱን ሽቦ ሲያዩ ቅንድባቸው ትንሽ ተነሣ። አንዱን ነኩ። ሌላውን ነኩ። ከዚያ አምስቱንም በአንድ ጊዜ።

"የኔ ክሮች የታሉ?"

"ጣልኳቸው ጋሼ። ዝገው ነበር። አሁን በትክክል ተቃኝቷል።"

"አምስቱንም?"

"አምስቱንም።"

በር ላይ በተደረደሩት ጎማዎች ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡም። የመዳፋቸውን ውስጥ እያዩ ለእኔና ለአባቴ ቀስ ብለው አስረዱን።

ያን ክራር ሲሠሩ የቃኙት በታናሽ እህታቸው ድምፅ ነው። ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሾላው ሥር፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እሳቸው እያንዳንዱን ክር ድምፅዋ ላይ እስኪያርፍ ያጠብቃሉ። ከዚያ ወዲህ ክሮቹ አምስቱም አንድ ላይ ተቀይረው አያውቁም። "አንዱ ሲበጠስ አራቱ ያስታውሳሉ። አዲሱን በአራቱ እቃኛለሁ። ደግሞ ሌላው ሲበጠስ፣ ያ አዲሱና ሦስቱ ያስታውሳሉ። ሁሉም ተቀይሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተቀየረም።"

"እህትህ የት ናት?" አለ አባቴ።

"ፑኝዶ። አግብታ ሄደች። ሰውዬውን አልወደድኩትም፣ ሠርጓ ላይ አልጫወትም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት።"

"ሰውዬው እንዴት ሆነ?"

"ጥሩ ሆነ" አሉ፣ ከዚህ የባሰ ነገር የሌለ ይመስል።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ቂም ነው?"

"መጀመሪያ ቂም ነው። ቆይቶ እፍረት ነው።"

"ድምፁን በጆሮዎ አያስታውሱትም?" አልኩ።

"እኔ ለምን አስታውሳለሁ? ክሩ ነበር እኮ።"

ሮጬ ደብተሬን አመጣሁ። አባቴ ገልጦ አየው። "ይሄ ከቀየርሽው በኋላ ነው። በፊት ምን ነበር?"

"አልጻፍኩም።"

"ሦስት ቀለም እስክሪብቶ!" አለ አባቴና ደብተሩን መለሰልኝ።

አባቴ በወር አንድ ጊዜ በአሮጌ ፒክአፑ ፑኝዶ ገበያ ዕቃ ያደርስ ነበር። "ሰኞ እሄዳለሁ" አላቸው። "እህትህ ትዝፈንልህ፣ አንተ ቃኝ፣ እንመለስ።"

"እኔ አልሄድም።"

"እንግዲያው ልጄ ክራሩን ይዛ ትሂድ።"

"ቶም ብቻውን አይሄድም" አሉና ክራሩን አቅፈው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ክራሩን ለእኔ ሰጡኝ።

ያን መንገድ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው የማስታውሰው። መኪናው በተናጠ ቁጥር አምስቱ ክሮች ጭኔ ላይ ያጉረመርማሉ። አቦቦ ስንደርስ አባቴ ቁርስ ብሎ የተቀቀለ በቆሎ ገዛልን፤ ሻጭዋ ደገኛ ናት፣ ማሽላዋን በራሷ ላይ ተሸክማ የቆመችው ጎረቤቷ የአገሬው ተወላጅ፣ ሁለቱ በአማርኛ ስለ አንዲት ዶሮ ይከራከሩ ነበር። ባለክራሩ በቆሎአቸውን ሳይነኩ በሩን ከፈቱ።

"እዚህ ልውረድ። የጀመርኩት ጣራ አለ።"

"ጨርሻለሁ ብለህ አልነበር ቅዳሜ?"

"ምስማር ይቀራል።"

"ምስማሩ የትም አይሄድም። ዝጋው፣ አቧራ ይገባል" አለ አባቴ። ዘጉት። ጎግን አልፈን ፑኝዶ እስክንገባ በቆሎውን በእጃቸው እያገላበጡ ሄዱ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከጥፋቴ ጋር እንኳ ደስታው ሊያፈነዳኝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በሕይወት ጭኔ ላይ ተቀምጦ ይጓዛል።

እህታቸው ገበያው ውስጥ የደረቀ ዓሣ ትሸጥ ነበር። የእርዳታ መኪናዎች ነጭ በነጭ ሆነው ከሚቆሙበት ማዶ፣ ከሸራ ጥላ ሥር፣ አሥር ዓመት ከማይሞላት ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ክራሩን ይዤ ከፊት የምሄደው እኔ ስለነበርኩ መጀመሪያ ያየችው ክራሩን ነው። ከዚያ ቀና አለች። በቋንቋቸው ተናገረች። አባቴ የንግድ ሰው ስለሆነ ቋንቋውን ይሰማል፤ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይተረጉምልኝ ጀመር።

"ምን አለች?"

"'ዕቃው ከጌታው በፊት ደረሰ' አለች።"

"ከዚያስ?"

"'ሠርጉ አልቋል፤ ዘግይተሃል' አለች።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ኮታውን እያየ ነው።"

አባቴ የክሮቹንና የመጣንበትን ነገር በቋንቋቸው ነገራት። እሷ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ ጠየቀችኝ። "ክሩን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ይቅርታ። መርዳት መስሎኝ ነው።"

"ምን ይቅርታ አለው። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓመት እቆርጠው ነበር። እስከ ዛሬ እግሩን ያሰረው ያ ክር ነው።" ከዚያ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የዓሣውን ዘንቢል ገፋ አደረገችና ቦታ ለቀቀችላቸው።

ዘፈነች። ባለክራሩ የመጀመሪያውን ክር ያጠብቁ ጀመር፤ ከፍ፣ ከፍ፣ በልጅነቷ እንደሚያውቋት። እሷ ልትከተል ሞከረችና ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ አሳላት።

"እዚያ አልወጣም" አለች፣ እንድሰማው ነው መሰለኝ በአማርኛ። "ያ ድምፅ እኔ ጋ የለም። ለዚህች ሰጥቻታለሁ።" ልጅቱን በአገጯ አሳየች።

ባለክራሩ እጃቸው ክሩ ላይ እንዳለ ቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ነገር እዚያ ገበያ መሀል የሌለ ሆነ። ወንድሟን ስታይ እሷም ገባት። ጎንበስ ብላ እንደገና ጀመረች፣ አሁን ከደረቷ፣ ወፍራምና ሞቃት በሆነ ድምፅ። በእጇ ወደ ታች እያመለከተች፦

"ውረድ... ውረድ... ገና ነህ፣ ውረድ... እዚህ ነኝ።"

ክሩ አረፈባት። ሁለተኛው አረፈባት። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ የገበያው ሰው ከቦናል፤ የሽንኩርት ሻጮቹ እያጨበጨቡ ነው፤ አባቴም፣ ማንም አያየኝም ብሎ፣ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል። ስልኬን አውጥቼ ነበር። መርፌው ወዲያ ወዲህ አለ እንጂ አንዱም ክር አረንጓዴ አልበራም። የቆመበትን ጻፍኩ፤ አምስት መስመር። ባለክራሩ ፊታቸው ላይ የነበረውን ግን የምጽፍበት አጣሁ።

ከእኛ ጋር አልተመለሱም። ለወላጆች ቀን ካርታው መሀል ባዶ ወንበር አስቀመጥንና ወረቀት ለጠፍንበት፦ "ባለክራሩ እህታቸው ጋ ናቸው።" እሳቸው ሳይኖሩ እንኳ ሰው ከሁሉ በላይ የቆመው ያ ወንበር ፊት ነበር።

አሁን ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ድምፅ ሳስተምር፣ ብረት በሙቀት እንደሚለጠጥ፣ የተለጠጠ ክር እንደሚላላ፣ የላላ ክርም ድምፁ እንደሚወርድ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እጄ ቆመ። የጋምቤላ ሙቀት! አሥራ አንድ ዓመት! እነዚያ ክሮች በየበጋው በጥቂቱ ላልተው፣ አዲሱ ክር በላሉት እየተቃኘ፣ ድምፃቸው ማንም ሳያውቀው ትንሽ ትንሽ ወርዶ ቢሆንስ? ልክ የእህታቸው ድምፅ ፑኝዶ ላይ ትንሽ ትንሽ እንደወረደው? ምናልባት ያን ቅዳሜ የጣልኳቸው ዝገት የበላቸው ክሮች የልጅነት ድምፅዋን አልያዙም ነበር። ምናልባት እሷና ክሮቹ ሳይለያዩ አብረው አርጅተው ነበር። ሁለቱን ማነጻጸር ይቻል ነበር፤ ከመቁረጤ በፊት ላልተበጠሱት ክሮች አራት መስመር ብቻ በቂ ነበር።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። በቀኙ ገጽ "በኋላ" ብዬ አርዕስት ሰጥቼዋለሁ፤ ከሥሩ የፑኝዶዎቹ አምስት መስመሮች አሉ። በግራው ገጽ "በፊት" ብዬ ጽፌያለሁ፣ በሦስት ቀለም። ከሥሩ ምንም የለም።

ዛሬ ጠዋት በተበጠሰው ገመድ ምትክ አዲስ አስገባሁና ለልጁ ብስክሌቱን መለስኩለት። አሮጌውን ግን እዚያው ባዶ ገጽ ላይ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።